የኑሩ ሜዳ

ዛሬ ጠዋት ገና ከመኝታዬ ሳልነሣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ በመስኮት ገባ። ሌላዋን ሴት ሽቶ ሲሸታት እንደሚያደርጋት እኔን ሲሚንቶ ልቤን ያዘልለዋል። ጫማዬን ግራ ቀኝ አሳስቼ ተጫምቼ ወጣሁ። ግቢያችን ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ወዲህ፣ ሁለት ጎረምሶች አሸዋና ሲሚንቶ በአካፋ ያገላብጣሉ፤ ግንበኛው ጎንበስ ብሎ የተጣለውን መሠረት ያያል፤ ባለቤቴ ኑሩ ደግሞ ከዘራውን ተደግፎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ትእዛዝ ይሰጣል። ለልጃችን ለሰሚራ ክፍል ልንሠራላት ነው። ሰሚራ ካርቱም ስትታመስ ልጆቿን ሰብስባ ወደዚህ ወደ ገዳሪፍ ከመጣች ወዲህ እንግዳ ማረፊያው ክፍል ውስጥ ናት። ሻንጣዎቿ በሩ ሥር እንደተደረደሩ፣ በአንድ ረጅም ሲባጎ ተያይዘው እንደታሰሩ ናቸው። የተፈታ የለም። ልብስ ስትፈልግ በጎን በኩል እጇን ሰድዳ ትጎትታለች። «ዩማ፣ እናቴ፣ ክፍል ምን ይሠራልኛል? ለከርሞ እመለሳለሁ። ሸራ ብትወጥሩልኝ ኸላስ፣ ይበቃኛል» ትለኛለች። ለከርሞ! ይቺን ቃል አውቃታለሁ። ሰሚራ ሳትወለድ በፊት እዚህ ግቢ ውስጥ ከኛ ጋር ትኖር የነበረች ቃል ናት። ልጄ ሸራ ሥር ዝናብ እንዲያገኛት አልፈልግም፤ ግድግዳ ቆሞ ካየች ሻንጣዋን ትፈታለች ብዬ ነው እንዲህ የምጣደፈው።

እኔና ኑሩ ከጭልጋ ተነሥተን፣ በመተማ አድርገን፣ ገላባትን አልፈን እዚህ የገባነው በሰሊጥ መኪና፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ገና ሙሽሮች ነበርን። ኑሩ ያን ጊዜ ፋሽን የነበረውን አፈ ሰፊ ሱሪ ለብሶ ነበር፤ ከመኪና ወርዶ ሲራመድ የሱሪው አፍ የገዳሪፍን ጥቁር ዋልካ ይጠርግ ጀመር። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዬን ቶብ ገዛሁ፤ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ። የኔዋ ሰማያዊ ነበረች። መጠቅለሉን ስላልቻልኩበት ገበያ መሐል ትፈታብኝ ነበር፤ ሻይ ሻጯ ሴትዮ እየሳቀች «ተዓሊ ያ ሐበሺያ» ብላ ጠርታ ታስተካክልልኝ ነበር። የእርሷ ቦታ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ካሉት ኒሞች ሥር ነበር። ሻዩ በቂርሽ፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት። የመኪና ሾፌሮች ቴፓቸውን ከፍተው የፍቅር ዘፈን ሲያስለቅሱ፣ ቃሉ ባይገባንም ዜማው ከኛው አገር ዜማ ጋር ስለሚዋደድ አብረን እናንጎራጉራለን። ማሽላው በጆንያ፣ ሰሊጡ በጆንያ፣ ሰዉ በየመኪናው ላይ። አንድ ጆንያ ማሽላ የሸጠ ሰው ሲሚንቶውን ገዝቶ በተረፈው ሥጋ ይበላ ነበር። አሁን የሲሚንቶ ዋጋ ሲነገር ጆሮዬን እይዛለሁ። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛልና ዋጋ አላወራም።

ቤታችን ቁጢያ ነበረች፤ ያው እኛ ጎጆ የምንለው፣ ክብ የሣር ቤት። ቀዝቃዛ ናት፣ ታምራለች፣ ግን እሳት አትችልም። በአንድ በጋ ቀን ነፋስ ከጎረቤት ምድጃ ፍንጣሪ አምጥቶ ጣራዋ ላይ ጣለ። ኡኡ ብለን ሰው እስኪደርስ ጊዜ አልወሰደባትም፣ አለቀች። ከዕቃችን የተረፈው የኑሩ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ ነበር። «እኔን ሳይሆን ሣጥኑን ቀድሞ አወጣ» እያልኩ እስከ ዛሬ እነዘንዘዋለሁ፤ እርሱም «አንቺ እግር ነበረሽ» ይለኛል። ሣጥኑ ውስጥ የአባቱ በርኖስ ነበር፣ ለወንድሞቹ የገዛው ጨርቅ ነበር፣ ለእናቱ ያስቀመጠው ሽቶ ነበር። ላዩ በቀጭን ሲባጎ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ታስሯል። ለመንገድ የተዘጋጀ ነው። ኑሩ በየዓመቱ ሰሊጥ ታጭዶ ሲያበቃ «ለከርሞ እንሄዳለን» ይላል፤ ከርሞ ይመጣል፤ ሣጥኑ እንደታሰረ ይቀመጣል። ሲባጎው ለምን አንድ ቀን እንኳ አይፈታም ስለው፣ «ዕቃ ከተፈታ ልብም ይፈታል» አለኝ።

ከቃጠሎው በኋላ አራት እንጨት ተክለን ሣር ጣል አደረግንባትና ከሥሯ ገባን። እኔ ሰሚራን አርግዣለሁ። በዚያች ዳስ ውስጥ ቀና ብዬ ሣሩን ባየሁ ቁጥር እሳት ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን ኑሩን ፊቴ አስቀምጬ፣ «ስማ፤ እዚህች ሥር አልወልድም። እሳት የማይበላው ቤት ትሠራልኛለህ፤ የብሎኬት» አልኩት። ያን ጊዜ ብሎኬት በኛ ሰፈር የነጋዴ ቤት ነበር። ኑሩ ከብሎኬቱ ይልቅ የፈራው ትርጉሙን ነው። «ሴትዮ፣ ብሎኬት እኮ ተነቅሎ አይሄድም። ብሎኬት ሠራን ማለት ቀረን ማለት ነው» አለ። ተነታረክን። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ዝናቡ ዘልቆ ሳይገባ ጣራ ከለበሰ እንቀመጣለን፤ ካልለበሰ ግን ብሎኬቱን ሸጠን፣ ሣጥኑን ጭነን አገራችን እንገባለን። እኔ እጄን መትቼ ተስማማሁ። ድፍረቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ለግንበኛ የሚከፈል አልነበረንም። ኡስጣ በክሪ የሚባል ሱዳናዊ ግንበኛ ግን ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ኑሩ ሸቀጥ ከሚሸጥባት ደረት የምታህል ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ወሬ ይወዳል፤ ከወሬው ሁሉ ደግሞ ስለ ራሱ ግንብ ማውራት ይወዳል። በዚህ ከተማ የወደቀ ቤት ካለ እርሱ ያልሠራው ነው፣ የቆመ ካለ የእርሱ ነው። እየኮራብን አስተማረን። አሸዋ ከመግዛታችሁ በፊት ጨብጡት፤ እጃችሁን ካቆሸሸ አፈር አለበት፣ ተዉት። አሸዋና ሲሚንቶውን በደረቁ አንድ መልክ እስኪሆን አገላብጡ፣ ውሃ ከዚያ ነው። ስትጨብጡት ቅርጹን ይያዝ፣ ግን ውሃ አይትፋ። እኔ ለዚህ ተፈጥሬ ነው መሰለኝ ወዲያው ገባኝ። የብረት ቃሊብ፣ የብሎኬት ቅርጽ ማውጫውን፣ ተውሰን፣ እየሞላን፣ እየደቆስን፣ ገልብጠን እያወጣን፣ ግቢውን ብሎኬት በብሎኬት አደረግነው። ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ አልብሰን በካሮ፣ በአህያ ጋሪ ማለቴ ነው፣ የሚመጣውን ውሃ ጠዋት ማታ እናጠጣዋለን። የምንጠጣው ውሃ ሲቸግረን ብሎኬቱ ይጠጣ ነበር። ጎረቤቶቼ «ዘሐራ ሳትወልድ ማጥባት ጀመረች» ብለው ሳቁብኝ። የመጀመሪያው ብሎኬት ደርቆ ስመታው ቅጭል ሲል የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ኑሩ እንኳ ሳያስበው ፈገግ አለ።

አሁን ወደ ሜዳው ልምጣ። መሠረቱ ተቆፍሮ ድንጋይ ከተደረደረበት በኋላ በክሪ ለሥራ ወደ ፋው ከተማ ሊሄድ ሆነ። ከመሄዱ በፊት ኑሩን ጠርቶ «አወል ሜዳ፣ ባዕደን ብሎክ» አለው፤ መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ ብሎኬት። «ሜዳውን በደንብ ሥራው፣ አትሰስት፤ ውስጡ ሐዲድ ይግባ» ብሎ በብርቱ አስጠነቀቀው። የኑሩ ዐረብኛ ያን ጊዜ የሚዛንና የዋጋ ዐረብኛ ነበር። ሐዲድ በዐረብኛ ብረት መሆኑን ያውቃል። ሜዳ ግን ምን ያስተረጉማል? ሜዳ ሜዳ ነው! እየተጣደፈ መጣና «ግቢውን ሜዳ እናድርገው ብሏል» አለኝ። «ውስጡ ብረት ይግባም ብሏል።» እኔም ነገሩ ገርሞኝ «ሐዲድ ዘርግተህ ባቡር ልታቆምልኝ ነው?» አልኩት። «ለድንበር ይሆናላ!» አለ። ኑሩ ሲሠራ ደግሞ ይሠራል። ቁጥቋጦውን መነጠረ፣ ጉድባውን ሞላ፣ ውሃ እያርከፈከፈ ረገጠ፣ ጠረገ። በአራቱ ማዕዘን አራት ብረት ተከለ። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይዘው መጡ። እኔም በብረቶቹ መካከል ገመድ ወጥሬ ልብስ አሰጣሁ። እንዲህ ያለ ሜዳ በሰፈሩ አልነበረም።

በክሪ ከፋው ተመልሶ በመኪና ሲያልፍ ከመንገድ ላይ ሆኖ ጮኸ፦ «ያ ኑር! ሜዳ ሠራህ?» «ሠራሁ ወላሂ! ከቤቱ ይሰፋል!» አለ ኑሩ። በክሪ አንገቱን አስግጎ «ከቤቱ ይሰፋል?» አለና መኪናው ወደ ሌላ ሥራ ይዞት ሄደ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ? እኛ ግን ማን ሊይዘን! አርብ አርብ ያገራችን ልጆች ከየእርሻው እየመጡ ከድንጋዩ ላይ ብሎኬቱን መደርደር ጀመሩ። አራቱን ማዕዘን ቀድሞ ማቆም፣ በመካከላቸው ሲባጎ መወጠር፣ በቱንቢ ማየት፣ የላይኛው ብሎኬት የታችኞቹን ሁለት እንዲረግጥ ማድረግ፤ ይኼን ሁሉ በክሪ እንዳለን አደረግን። ለሲባጎ ያገራችን ልጆች ያገኙትን ቁራጭ ሁሉ እየቀጣጠሉ ይወጥሩ ነበር፤ ስለዚህ ግድግዳው ትንሽ ሆዱ ገፋ ያለ ነበር፣ እንደኔው። ግን ቆመ! ጠዋት እየተነሣሁ እዳብሰዋለሁ። መስኮት የሚሆነው ክፍተት ውስጥ አንገቴን አስገብቼ ወደ ውጭ አያለሁ፣ ደግሞ ዞሬ ወደ ውስጥ አያለሁ። ከዚያ በፊት በመስኮት አይቼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ ሳይታሰብ መጣ። የዚህን አገር ዋልካ ያላየ ሰው አያምነኝም። በበጋ ይሰነጠቅና ጫጩት ይውጣል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ላዩ ያለውን ሁሉ ያነሣዋል። ጠዋት ስንነሣ ከመስኮቱ ጥግ እስከ መሬት ድረስ ግድግዳው ተተርትሯል፤ እጄን በስንጥቁ ባስገባው በወዲያ በኩል ወጣ። ኑሩ ሮጦ በክሪን ጠርቶ አመጣው። በክሪ ግድግዳውን አየ፣ ተንበርክኮ ሥሩን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ወይን አል-ሜዳ? ሜዳው የታለ?» አለ። ኑሩ በዱላው ግቢውን አሳየው። «ይኸው።» በክሪ የተጠረገውን ግቢ አየ። አራቱን ብረት አየ። ብረቱ ላይ የተሰጣውን ልብሴን አየ። ከዚያ ባለበት ቁጭ አለና ጥምጣሙ እስኪፈታ ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲልለት ነው የገባን፦ በእነርሱ አነጋገር ሜዳ ማለት ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ፣ ከብሎኬቱ ሥር፣ በቤቱ ዙሪያ ብረት ገብቶበት የሚፈስ የኮንክሪት ቀበቶ ኖሯል። መሬቱ ሲነሣና ሲወርድ ቤቱ አንድ ላይ እንዲነሣና እንዲወርድ የሚይዘው እርሱ ነው። የኛ ቤት ሜዳው ውጭ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ ኑሩ ብቻ አልሳቀም። ዳሷ ሥር ገብቶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። «መሬቱ አልፈለገንም፤ ይኼ ምልክት ነው። ብሎኬቱን የሚገዛ እፈልጋለሁ» አለ። ያን ጊዜ ሆዴ ገፍቷል፣ ዝናቡ ደጃፍ ላይ ነው፣ ቤቴ ተተርትሯል፤ ፈራሁ ብል ሐሰት የለውም፣ በጣም ፈራሁ። ያለቀስኩት ግን ጥቂት ነው። የቡና ሙቀጫዬን ዘነዘና አንሥቼ ከላይ ያለውን ብሎኬት ከሥር ነካ ነካ አደረግኩት። ሳይሰበር ተነሣ! ኑሩ ለማያያዣው ጭቃ ሲሚንቶ ሲሰስት ነበርና አልያዘውም። ሳይደግስ አይጣላም፤ የባለቤቴ ስስት ብሎኬቴን አዳነልኝ። ሁለተኛውን አነሣሁ፣ በቢላ ፋቅሁት፣ ደረደርኩት። ጎረቤቶቼ አዩኝና «አንቺ ዕብድ፣ ልትወልጅ ነው!» ብለው እየተቆጡ ዘነዘናውን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው ያፈርሱ ጀመር። ባሎቻቸው መጡ። በክሪ ጀለብያውን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ መጣ፤ ያ ሁሉ ሳቅ ዕዳ ሆኖበት መሰለኝ ክፍያ አላነሣም። አራቱ የድንበር ብረቶች ተነቀሉና ሌሎች ተጨመሩባቸው። ልብሴ መሬት ወደቀ፣ ማን አይቶት!

ሜዳው ፈሰሰ፤ እውነተኛው ሜዳ። ዝናቡም ደግነቱ ፋታ ሰጠን። ሜዳው ጠንክሮ የመጀመሪያው መደዳ ሊቀመጥ ሲል በክሪ ያገራችንን ልጆች የተቀጣጠለ ሲባጎ አንሥቶ አየና ወረወረው። «በዚህ ቋጠሮ ነው ቤቱ እባብ የሆነው። ሳይቀጠል ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ሲባጎ ከሌለ እጄን አላነሣም» አለ። በኛዋ ሱቅ ሲባጎ አልነበረም፤ ገበያ ተላከ፤ አርብ ነበርና ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። እኔ ዞር ብዬ ዳሷን አየሁ። ኑሩ ከሣጥኑ ላይ ተነሥቷል። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን በጥርሱ ይፈታል። ከቁጢያችን እሳት የወጣውን፣ ለአገር ቤት መንገድ ያሰረውን ሲባጎ ዙር በዙር እየፈታ በክርኑ ላይ ጠቅልሎ መጣና ለበክሪ ሰጠው። ሰው ሁሉ ሣጥኑን ያውቃልና ዞሮ አየው። እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ «ከርሞስ?» አልኩት። ኑሩ ዐይኑን ሳያነሣ «ለከርሞ ሌላ እገዛለሁ» አለኝ።

ቤቱ ጣራ ለበሰ። ሰሚራ የተወለደችው እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲጮህ ነው፤ የአዋላጇን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም ነበር። የአባቱ በርኖስ ከሣጥኑ ወጥቶ እርሷ ተጠቀለለችበት። ለእናቱ ያስቀመጠውን ሽቶ ሰው አግኝቶ ላከላቸው። ሣጥኑ አሁን የሰሚራ ልጆች መጫወቻ ነው። ሌላ ሲባጎ ሲገዛም አላየሁትም። ሰፈርተኛ ግን ለቀልድ ሰነፍ አይደለምና እስከ ዛሬ መንገድ ሲጠቁም «ከኑሩ ሜዳ ትደርስና ወደ ቀኝ» ይላል፤ «ለከርሞ ሌላ እገዛለሁ» ደግሞ የቤታችን ተረት ሆነ። ልጆቼ አንድን ነገር ዳግም ላይመለሱበት ሲተዉት ይሏታል። ሱዳን የተወለዱት የልጅ ልጆቼ እንኳ አማርኛቸው እየተንገዳገደ ይቺን አይስቱም። ያ ቤት ስንት ክረምት አለፈበት፤ ዋልካው ያነሣዋል፣ ያወርደዋል፣ እርሱ ግን አንድ ላይ ይነሣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። እጅ የሚያስገባ ቀርቶ ክር የሚያስገባ ስንጥቅ የለበትም።

ዛሬም የሆነው ይኼው ነው። የሰሚራ ክፍል ሜዳ ባለፈው ሳምንት ፈሶ፣ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቶ ጠንክሯል። ወጣቱ ግንበኛ የመጀመሪያውን መደዳ ያለ ጭቃ በደረቁ ደርድሮ ስፋቱን ለካ፣ የበሩን ቦታ አየ። እኔ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ «ሐጃ፣ ተቀመጪ» ይሉኛል፣ አልቀመጥም። ኑሩ በከዘራው ሜዳውን መታ መታ እያደረገ፣ «አየህ፣ ሜዳ ማለት ይኼ ነው» ብሎ ግንበኛውን ያስተምራል። እኔ «መምህር ሆይ!» አልኩት። ሰሚራ ከበረንዳው ደፍ ላይ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትመለከታለች። ሁልጊዜ ስልኳ ላይ ነበር ዐይኗ፤ ካርቱም ምን ሆነ፣ ሰፈራቸው ማን ገባ፣ ቤታቸው ቆሟል ወይ። ዛሬ ስልኩ ጭኗ ላይ ተደፍቷል።

ማዕዘኖቹ በጭቃ ቆሙ። ግንበኛው ከረጢቱን በረበረ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ከዚያ ወደኛ ዞሮ «ሲባጎዬ ትላንት ሌላ ሥራ ላይ ቀርቷል። ዩማ፣ ከቤት ይገኛል?» አለ። እኔና ኑሩ ተያየን። ጎረምሶቹን ገበያ እንዲሄዱ ልነግር አፌን ስከፍት ሰሚራ ከደፉ ላይ ተነሣች። ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች። ሻንጣ ሲጎተት ሰማሁ፤ ሌላ ሻንጣ ሲጎተት ሰማሁ። ልትሄድ ነው አልኩ። ስትወጣ ግን ክርኗ ላይ ሲባጎ እየጠቀለለች ነው፤ ከሻንጣዎቿ የፈታችው፣ ከካርቱም እስከዚህ አስራ ያመጣችው። አንዱን ጫፍ ለራሷ አስቀርታ ሌላውን ለአባቷ ሰጠችው።

«ያዝ ያባ» አለችው። «ለከርሞ ሌላ እገዛለሁ።»

ኑሩ ከዘራውን ለኔ አቀበለኝና ጫፉን በሁለት እጁ ያዘ። እርሷ በወዲያ ጥግ፣ እርሱ በወዲህ ጥግ ሆነው ሳቡት። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ በአንድ ዐይኑ አየና ብሎኬት አንሥቶ አስቀመጠ።